ባቡሩ ሲቆም ባሕሩ ይታያል? ስለ ጅቡቲ ጣቢያና ስለ ታጁራው ጀልባ

ጊቤ ማዶ (ርዕሱን የከፈተ)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፈው ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። የማነሣው ጉዳይ ከእኛ እጅግ ርቆ ስላለ ቦታ በመሆኑ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከዚህ አካባቢ ለውጭ ገበያ የሚወጣው ቡና ወደ ባሕር የሚወርደው በዚያ በኩል ስለሆነ ያገባናል ብዬ አምናለሁ።

ነፍሱን ይማርና አባቴ ስለ ጅቡቲ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው «ባቡሩ ሲቆም ባሕሩ ይታያል» ብሎ ነበር። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ለነበረ አንድ የቡና ነጋዴ ተቀጥሮ ሲሠራ ሁለት ጊዜ በምድር ባቡር እስከ ጅቡቲ ወርዷል። እኛ ልጆቹ ባሕር አይተን ስለማናውቅ፣ ባቡር ማለት ከተራራ ተነሥቶ ውኃው ጫፍ ላይ የሚቆም ነገር መስሎን አደግን።

በ2011 ዓ.ም. የእሱን መንገድ ላየው ተነሣሁ። ከጅማ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ከፉሪ-ለቡ ጣቢያ ተሳፈርኩ። ሐሳቤ ጅቡቲ ላይ ከባቡሩ ወርጄ፣ ከዚያው ጀልባ ይዤ፣ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሬ ታጁራን ማየት ነበር። መጨረሻው ጣቢያ ነጋድ ይባላል። ስወርድ የጠበቀኝ ግን ባሕር ሳይሆን ደረቅ ሜዳ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያና ፊት የሚለበልብ ነፋስ ነው። አማርኛ የሚችል የታክሲ ሹፌር አግኝቼ «ባሕሩ በየት በኩል ነው?» ስለው መሪውን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ከተማውን እንግባ እንጂ፤ ባሕሩ የትም አይሄድም» አለኝ። ባሕሩስ የትም አልሄደም፤ ጀልባው ግን ሄደ። የመነሻ ሰዓቱን ሳላጣራ በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደብ ስደርስ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነበር፤ ከኋላው ነጭ አረፋ እየጎተተ ይርቃል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም። አባቴ የነገረኝን ይዤ ጣቢያውና የጀልባው ወደብ አንድ ግቢ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የመንገደኛው ጣቢያ ከባሕሩ ርቆ የተሠራው ለምንድን ነው? በሌላው ዓለም ባቡርና ጀልባ የሚገናኙበት ቦታ ምን ይመስላል?


ሀዲድና ድልድይ

ጥያቄው ጥሩ ነው። በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ስለሆንኩ ከዚያ በኩል ልመልስ።

የድሮው መስመር ከባሕር ጋር የተሣሠረበት ምክንያት ከአሠራሩ የመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ከሰጡ በኋላ ሥራው በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ከጅቡቲ ነው። ከአዲስ አበባ መጀመር አይታሰብም ነበር፤ ሀዲዱም፣ ድልድዩም፣ ሎኮሞቲቩም የሚመጣው በመርከብ ነውና። መርከቡ ያራገፈውን ብረት እዚያው እያነጠፉ፣ በተነጠፈው ላይ ቀጣዩን ብረት እያጓጓዙ ወደ ደጋው ወጡ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድሬዳዋ ደረሱ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆነ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ከወደብ ቢርቅ ነበር የሚገርመው።

አዲሱ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የሀዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ባቡሮቹም ከድሮዎቹ እጅግ ይረዝማሉ። ረጅም ባቡር በጠባብ ኩርባ አይታጠፍም፤ ፉርጎ የሚቀጠልበትና የሚፈታበት ሰፊና ሜዳማ ቦታ ይፈልጋል። ጅቡቲ ከተማ ደግሞ ባሕር ውስጥ በገባ ምላስ መሬት ላይ ስለተቆረቆረች እንዲህ ያለ ቦታ በመሀሏ አይገኝም። በዚያ ላይ ዋናው የጭነት ወደብ ራሱ ከከተማው ወጥቶ በስተ ምዕራብ ወደ ዶራሌ ሄዷል። ስለዚህ ባቡሩ ከባሕር ራቀ ማለት ትክክል አይደለም፤ ሀዲዱ ወደቡን ተከትሎ ዶራሌ ገብቷል። ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ የሚሻገረው ጀልባ ግን የከተማው ነዋሪ ጀልባ ስለሆነ በከተማው ዳርቻ ቀረ። እርስዎ የፈለጉት ባሕር እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሱ ከወጣሁ ይቅርታ። የድሮው ባቡርም ቢሆን መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ቆላው ላይ ቀረ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተወለደች። ባቡር ለከተማ ብሎ መንገዱን አይለውጥም፤ ከተማው ነው ወደ ባቡሩ የሚሄደው።


ከቦስፎር ተመላሽ

በነጻ የትምህርት ዕድል ኢስታንቡል አራት ዓመት ተምሬ ጅማ ከተመለስኩ ቆየሁ። ለሁለተኛው ጥያቄ ከዚያ የማውቀውን ላካፍል።

በእስያው በኩል ሃይደርፓሻ የሚባል ጣቢያ አለ። ግንባታው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን ንድፉን የሠሩት ኦቶ ሪተርና ሄልሙት ኩኖ የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው። ቦታው ባሕር ስለነበረ ሕንፃው የቆመው እያንዳንዳቸው 21 ሜትር በሚረዝሙ 1,100 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። የአባትዎ አባባል በትክክል የሚሠራው እዚያ ነው፤ መንገደኛው በዋናው በር ሲወጣ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ይጠብቀዋል፣ ደረጃው ሲያልቅ ውኃ ነው፣ ከጎኑም የጀልባው መሳፈሪያ አለ። ከአናቶልያ ገጠር ሻንጣውን ተሸክሞ የመጣ ሰው ኢስታንቡልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያት ከእነዚያ ደረጃዎች ላይ ሆኖ፣ ከውኃው ማዶ ነበር።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ግን ጣቢያው ዝግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ጣሪያው በእሳት ተጎዳ፤ በ2013 ደግሞ ማርማራይ የተባለው ከባሕሩ ሥር የሚያልፍ የባቡር መስመር ተከፈተና ሁለቱ ዳርቻዎች በሀዲድ ተገናኙ። ብዙ ጊዜ በጀልባ ከፊቱ ሳልፍ፣ በትንሿ ብርጭቆ ሻይ ይዤ፣ ያንን የሚያህል ሕንፃ አንድም ሰው ሳይወጣበትና ሳይገባበት አየው ነበር። ባቡሩ ባሕሩን መሻገር ሲችል፣ ሰው ከባቡር ወርዶ ጀልባ የሚይዝበት ያ ውብ ቦታ ሥራ ፈታ። ስለዚህ ጊቤ ማዶ፣ እርስዎ የናፈቁት ጣቢያ የሚያምረው ለተመልካች ነው፤ በየቀኑ ለሚመላለስ ሠራተኛ ግን መውረዱ፣ መሰለፉና እንደገና መሳፈሩ ድካም ነው። ሁለቱንም አይቻለሁና የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ ይከብደኛል።


ሂርማታ ገበያ

እናንተ ስለ ኢስታንቡል ደረጃ ታወራላችሁ፤ እኛ ከአጋሮ ጅማ ለመድረስ ወገባችን ይቆረጣል። መጀመሪያ መንገዱ ይጠገን።


አወያይ

ወንድማችን ሂርማታ ገበያ፣ የመንገዱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ስላለው እዚያ ቢቀጥሉልን እናመሰግናለን። እዚህ የምንወያየው ባቡርና ባሕር ስለሚገናኙበት ቦታ ነው።


የሊሙ ላኪ

ሂርማታ ገበያን ለመከላከል አይደለም፤ ነገር ግን የተናገረው ከርዕሱ አልወጣም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

የእኔ ሥራ ቡና ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ያህል ይይዛል፤ በእኛ በገበሬው መለኪያ ሲሰላ ከ1,100 ፈረሱላ በላይ ማለት ነው። ይህ ቡና ከሊሙ ወይም ከጌራ ጫካ ተነሥቶ ባሕር እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚወርድና እንደሚጫን ቁጠሩ። ጀንፈሉ ከገበሬው ደጅ በአህያና በሰው ጀርባ ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል፤ ከተፈለፈለ በኋላ በአይሱዙ ጅማ ይገባል፤ ከጅማ በትልቅ መኪና የጊቤን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ መጋዘን ይራገፋል፤ እዚያ ተበጥሮና ተለቅሞ በኮንቴይነር ይታሸጋል፤ ከዚያም በመኪና በቀጥታ ወይም በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ክሬን አንሥቶ መርከብ ላይ ያስቀምጠዋል። እያንዳንዷ መውረድና መጫን ለወዛደር ይከፈልባታል፤ ጆንያ ይቀደድባታል፤ ቀን ይጠፋባታል። ጊቤ ማዶን ነጋድና ጀልባው ወደብ መሀል ያለው ክፍተት አንድ ቀን አስከፍሎታል። ለእኛ ግን ትልቁ ክፍተት ባሕሩ ጋ ያለው ሳይሆን እዚህ፣ ቡናው ከሚነሣበት እስከ ሀዲዱ ያለው ነው።

ስለ ባሕሩ ግን አንድ የማትጠረጥሩት ነገር ልንገራችሁ። ቡና ሲታሸግ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ገደማ ሆኖ ነው። ከቀዝቃዛው ደጋ ተነሥቶ ወደዚያ ሙቀት ሲወርድ፣ በኋላም መርከቡ ወደ ቀዝቃዛ አገር ሲያቀና፣ ኮንቴይነሩ ከውስጥ ያልበዋል። ጣሪያው ላይ የተጠራቀመው ጠብታ የላይኛውን ጆንያ ከነካ ቡናው ይሻግታል። ስለዚህ ግድግዳውንና ጣሪያውን በወፍራም ቡናማ ወረቀት እንለብጠዋለን። አንድ ጊዜ ያንን ወረቀት በአግባቡ ሳያስር የጫነ ሠራተኛ ገጥሞኝ፣ ከላይ ያሉት ጆንያዎች እንደ አሮጌ ምድር ቤት ሸተው ደረሱ። ባሕሩ አጠገብ የሚቆም ዕቃ በተራዘመ ቁጥር ይህ ሥጋት ይጨምራል። የመንገደኛ ጣቢያ ከባሕር ቢርቅ ሰው ይደክመዋል እንጂ አይሻግትም።


ሀዲድና ድልድይ

የሊሙ ላኪ የተናገረው በእኛ ቋንቋም ትክክል ነው፤ ዋጋው ያለው በርቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በመቀያየሪያው ላይ ነው። ይህን ክፍተት ለመዝጋት የሞከሩ አገሮች ባቡሩን ራሱን ጀልባ ላይ ጭነውታል። ደቡብ ኢጣልያን ከሲሲሊ የሚለያት የመሲና ወሽመጥ በጠባቡ በኩል ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድልድይ ግን የለውም። ከሮም የተነሣው ባቡር ቪላ ሳን ጆቫኒ ሲደርስ ሠረገላዎቹ ተቆራርጠው፣ ወለሉ ላይ ሀዲድ ወዳለው መርከብ ሆድ ይገፋሉ፤ ማዶ ሲደርሱ ተቀጥለው ጉዞ ይቀጥላሉ። መንገደኛው ከፈለገ ከአልጋው ሳይነሣ ባሕር ይሻገራል።

ወደ እኛም ቀረብ ያለ አለ፤ ባሕር ሳይሆን ሐይቅ ቢሆንም። የኬንያው መስመር ከሞምባሳ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1901 መጨረሻ ዛሬ ኪሱሙ በምትባለው ወደብ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ሐይቁ ላይ የሚሠሩት መርከቦች ተፈታተው፣ በቁርጥራጭ ተጓጉዘው፣ ዳርቻው ላይ እንደገና የተገጣጠሙ ነበሩ። በ1960ዎቹ ደግሞ ፉርጎዎችን ከነጭነታቸው የሚያሻግሩ ኡሁሩና ኡሞጃ የተባሉ ጀልባዎች መጡ። የኡጋንዳ ጭነት ፉርጎ ሳይለውጥ ሐይቁን መሻገር ቻለ ማለት ነው።


የባሮ ልጅ

ስለ ኪሱሙ ሲነሣ እኔም የራሳችንን ላንሣ። ምዕራቡ ቡና ሁልጊዜ በጅቡቲ በኩል አልወጣም። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ወንዝ ላይ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተሰጠ፤ ጋምቤላም በዚያ ቆመች። የክረምቱ ውኃ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት ጀልባ ይመጣል፤ ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል፤ ውኃው ሲጎድል ጀልባው ይቀራል። ዳርቻው የውኃ መሙላትን የሚጠብቅ ወደብ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው ውል ውስጥ ሱዳንን ከኡጋንዳ ጋር የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረ። ባቡሩ አልተሠራም። ቢሠራ ኖሮ የኢሉባቦርና የከፋ ቡና ታሪክ ሌላ ይሆን እንደነበር አያቴ ሲናገሩ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ባቡር በደረሰበት ሁሉ ገበሬው ይጠቀማል ብዬ ለመማል አልደፍርም።


የሊሙ ላኪ

ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁንም በወረቀት ላይ ነው። ከሰበታ በጅማ በኩል ወደ ዲማ የሚዘልቅ፣ ከጅማም ወደ በደሌ የሚገነጠል መስመር በአገር አቀፉ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ጣቢያው በየት በኩል ይሆናል እየተባለ በየሻይ ቤቱ መሬት ሲገዛና ሲሸጥ እንደነበርም አትረሱትም። የገዙት አሁን ባሕር ዛፍ ተክለውበታል።


ድሬ ያደገው

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። ጡረታ ወጥቼ ልጄ ጋ ጅማ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ድሬዳዋ በድሮው ባቡር ላይ ነው። ጊቤ ማዶ ስለ አባትህ የጻፍከው ነገር ከነከነኝ።

በድሮው ባቡር ብዙ ጊዜ ጅቡቲ ወርጃለሁ። መንገደኛ የሚወርድበት ጣቢያ እንዳሁኑ ከከተማ የራቀ አልነበረም፤ ወደ ባሕሩም በእግር ይደረሳል። ነገር ግን ባቡሩ ሲቆም መንገደኛው የሚያየው ተሸካሚ፣ ሻንጣ፣ የሚጠብቅ ዘመድና የጉምሩክ ሰው ነው። ከመሳፈሪያው ላይ ሆኜ ባሕር ማየቴን አላስታውስም። ሙቀቱ ግን ይሰማሃል፤ የጨው ሽታውም ይመጣል።

ባሕሩን የሚያየው ጭነቱ ነበር። የጭነት ፉርጎዎቹ ከመንገደኛው ተለይተው፣ በሌላ ሀዲድ ተገፍተው እስከ ወደቡ ይገባሉ። እዚያ ሲቆሙ መርከቡ ከፊት ለፊት ነው፤ ፉርጎው ተከፍቶ ጆንያው በወዛደር ጫንቃ ይወጣል። ዕቃውን የሚያምነው ሰው አስይዞ የሚልክ ነጋዴም ነበር፤ ያ ሰው ጆንያ እየቆጠረ፣ የተቀደደውን እየሰፋ፣ እስከ መጨረሻው ከጭነቱ አይለይም። አባትህ ለቡና ነጋዴ ይሠራ ነበር ብለሃል። «ባቡሩ ሲቆም ባሕሩ ይታያል» የሚለው ከቡናው ጋር የሄደ ሰው ነው እንጂ፣ ትኬት ቆርጦ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይመስለኝም።

እንዲያ ከሆነ አንተ የሄድክበት መንገድ የእሱ መንገድ አልነበረም። የእሱ መንገድ ዛሬ በነጋድ አልፎ ዶራሌ ይገባል፤ ትኬት አይሸጥበትም።


ጊቤ ማዶ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልእክትዎን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። እናቴ የአባቴን ወረቀቶች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣ ነበርና ትናንት ማታ አውርጄ ከፈትኩት። አብዛኛው የዕቁብ መዝገብና የግብር ደረሰኝ ነው። ከሥር ግን በአራት የታጠፈች፣ ጠርዟ በምስጥ የተበላች ወረቀት አገኘሁ። በአባቴ የእጅ ጽሕፈት ሁለት ረድፍ ቁጥር ሰፍሮባታል፤ በአንዱ ረድፍ አናት ላይ «ፉርጎ»፣ በሌላው አናት ላይ «ጆንያ» ይላል። ከታች «የተሰፋ 7፣ የጎደለ የለም» ተብሎ ተፈርሞበታል። የትኬት ቁራጭ ግን በቆርቆሮው ውስጥ አንድም የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጆንያ ይሰፋ ነበር ብለዋል፤ በቆርቆሮው ውስጥ ከወረቀቱ ጋር ጫፉ የተቆለመመ፣ የጣት ርዝመት ያለው ወፍራም መርፌ አለ። እናቴ ሁልጊዜ «የአባትህ የጫማ መርፌ» ትለው ነበር፤ አባቴ ግን ጫማ ሲሰፋ አይቼው አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ካሉ መርፌውን ይዤ ብመጣና ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።


ድሬ ያደገው

ቤት ነኝ። ወረቀቱንም ይዘህ ና፤ የፉርጎውን ቁጥር ልየው።